ዜሮ ያነበብኩበት ገንዳ

ዓሣና ኮራል የማሳድግበት የጨው ውሃ ገንዳዬ ስምንት ወር ሲሞላው ከድንጋዮቹ ግማሽ ያህሉ አረንጓዴ ፀጉር የሚመስል አልጌ አብቅለው ነበር። ሞገድ የሚሠራው ፓምፕ ሲነሳ ፀጉሩ እንደ ሣር ይተኛል፣ ፓምፑ ሲያርፍ ተመልሶ ይቆማል። ሥሩ ያለው ሐምራዊ ድንጋይ ከናካቴው አይታይም። ከኮራሎቹም የሚታየው ጫፋቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አልጌ የሚመገበውን ፎስፌት ለካሁ፤ ዜሮ። ናይትሬት ለካሁ፤ እሱም ዜሮ። ምግብ በሌለበት ውሃ ይህ ሁሉ አረንጓዴ ከየት መጣ? ለብዙ ሳምንታት መልስ አላገኘሁለትም።

መልሱ ከዓይኔ ሥር ነበር። አልጌው የሚመጣለትን ፎስፌት ወዲያው እየበላ ለመለኪያው ምንም አያስቀርለትም። እኔ የምለካው ከማዕድ የተረፈውን እንጂ የቀረበውን አልነበረም። ይህን ቀደም ብዬ ተረድቼ ቢሆን ኖሮ በኋላ የደረሰብኝ ጥፋት አይደርስም ነበር።

ገንዳዬ 200 ሊትር የሚይዝ ሲሆን ሁለት ክላውን ዓሦች፣ አንድ ብሌኒ የሚባል ትንሽ ዓሣ፣ ለስላሳ ኮራሎችና ጥቂት ጠንካራ ኮራሎች አሉበት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ነው። ዓሦቹ ጤነኞች ነበሩ። ችግሩ አልጌው ብቻ ነበር።

መጀመሪያ እጄን ከትቼ ነቀልኩ። እፍኝ እፍኙን አወጣሁ፤ ገንዳው ለአንድ ቀን ንጹሕ መሰለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሞላ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይባል የለ? እንዲያውም አባባስኩት፤ ፓምፖቹን ሳላጠፋ ስለነቀልኩ ቁርጥራጩ በሞገዱ ተበትኖ ያልነበረበት ድንጋይ ላይ ሁሉ በቀለ። አሁን የምሠራበት መንገድ ሌላ ነው። ሊነሳ የሚችለውን ድንጋይ አውጥቼ፣ ለቅየራ ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፤ አለቅልቄ እመልሰዋለሁ። የማይነሳውን ድንጋይ ደግሞ በአንድ እጄ ብሩሹን፣ በሌላው ውሃ የሚስበውን ቱቦ ይዤ፣ የተፋቀው እዚያው በዚያው እንዲወጣ አደርጋለሁ። ፓምፕ ጠፍቶ መሆን አለበት። መብራት ለሦስት ቀን አጥፍቼም ሞክሬ ነበር። አልጌው ጠወለገ፤ ግን የሞተው ከገንዳው ስላልወጣ የበላውን ሁሉ እዚያው አራገፈውና ከሥሩ አዲስ አበቀለ።

(አልጌ የያዘ ድንጋይ ቀቅለው የሚያጸዱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን በፍጹም አታድርጉ። ድንጋዩ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉት ኮራሎች ካሉ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ተነስቶ ቤተሰብ ሙሉ ሐኪም ቤት ያስገባበት ጊዜ አለ።)

ከዚያ ምንጩን መፈለግ ጀመርኩ። ጨው የምበጠብጥበት የተጣራ ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳየው) ሲለካ 0 ማሳየት ነበረበት፤ 14 አሳየ። የማጣሪያው የመጨረሻ ክፍል፣ ቀሪውን ማዕድን የሚይዘው ሬዚን፣ አልቆ ነበር። ቀየርኩት። ቀጥሎ ምግብ ቀነስኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። አልጌ ያስቸገረው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ምግብ ቀንስ» የሚል ነው። እኔም ለአንድ ወር ዓሦቹን በሁለት ቀን አንዴ ብቻ መገብኩ። የክላውኖቹ ሆድ ወደ ውስጥ ገባ፤ ብሌኒው ደፋርነቱን ትቶ ከጉድጓዱ አልወጣ አለ። አልጌው ግን አንዲት ጣት አልቀነሰም።

ያልቀነሰው ምንጩ ድንጋዩ ራሱ ስለነበር ነው። ድንጋዮቹን ያገኘሁት ለዓመታት ሲሠራ ከቆየ የሌላ ሰው ገንዳ ነው። የኮራል ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በውሃው ውስጥ ፎስፌት ሲበዛ ይይዛል፣ ሲያንስ መልሶ ይለቃል። ይህን ለማረጋገጥ አንዱን ድንጋይ ፈትጌ፣ አዲስ የጨው ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከትንሽ ፓምፕ ጋር አስቀምጬ ብርሃን እንዳያገኝ ከደንኩት። ከሳምንት በኋላ ዜሮ የነበረው ፎስፌት በሊትር 0.3 ሚሊግራም ሆነ። ዓሣ የለም፣ ምግብ የለም፣ አልጌም የለም። ዜሮው ውሸት መሆኑን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባልዲና አንድ ሳምንት ብቻ ይበቃልና ምንጩ ለጠፋው ሁሉ ይህን ሙከራ እመክራለሁ።

ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ምንጩን ስላወቅኩ ደስ ብሎኝ ፎስፌት የሚይዘውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ገዛሁ፤ ማሸጊያው ላይ ከታዘዘው እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀጉራሙ አልጌ ነጥቶ ከድንጋዩ ይላቀቅ ጀመር፤ እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ። ግን ኮራሎቹም አብረው ገረጡ። ፎስፌት ለአልጌ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ኮራሉም በሥጋው ውስጥ የሚያኖራቸው ረቂቅ አልጌዎችም ያለ እሱ አይኖሩም። የምወደው አንድ ጠንካራ ኮራል ሥጋው ከአጽሙ እየሸሸ ሄዶ ሞተ። ሁለት ዓመት ያሳደግኩት ነበር፤ ያመጣሁትም ከቀድሞው ትንሿ ገንዳዬ ነው።

ዳይኖ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሉ ስሙ ዳይኖፍላጀሌት ነው፤ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ሲሆን ሲበዛና ሲሰበሰብ ነው የሚታየው። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፤ ውስጡ የአየር አረፋ ይቋጥራል፤ ከድንጋዩ ጫፍ በክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይሳሳል፤ ጠዋት ንጹሕ ገንዳ ታያላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር እንደገና ተሸፍኗል። ቀንድ አውጣዎቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተገለበጡ መሞት ጀመሩ፤ ከዳይኖዎች አንዳንዶቹ መርዛማ ናቸውና። ከዚያ ወዲህ ጓንት ሳላደርግ እጄን ከገንዳው አልከትም።

ለምን ያኔ መጣ? ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ባለቁበት ውሃ ሌላው ሁሉ ይራባል፤ ድንጋዩን ተሻምተው የሚይዙት ባክቴሪያዎችና ተራ አልጌዎች ይሳሳሉ። ዳይኖ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ይሰለጥናል። ሜዳውን ያጸዳሁለት እኔ ነኝ።

ንፍጥ የሚመስል ሁሉ ግን ዳይኖ አይደለም። በአዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ቡናማ አቧራ አብዛኛውን ጊዜ ዳያተም የሚባል ረቂቅ አልጌ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊካ ሲያልቅ በራሱ ይሄዳል፣ አትንኩት። እንደ ምንጣፍ ተገፎ የሚነሳው ቀይ ወይም ጥቁር ሐምራዊ ልባስ ደግሞ ሳይኖባክቴሪያ እንጂ አልጌ አይደለም። ለመለየት ከንፍጡ ጥቂት ከገንዳው ውሃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ አጥብቄ በጠበጥኩ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጠለልኩና ያለፈውን ውሃ መብራት ሥር አኖርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደገና ተሰብስቦ ክር ሠራ፤ ዳይኖ እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ርካሽ ማይክሮስኮፕ ተውሼ አየሁት። የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ በአንድ ጫፉ እንደታሰረ ሁሉ ባለበት ይሽከረከራል። ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው የዳይኖ ዓይነት ነበር።

ዓይነቱን ማወቅ ሕክምናውን ይለውጠዋል። ኦስትሪዮፕሲስ ማታ ድንጋዩን ለቆ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ በውስጡ የሚያልፈውን ውሃ በሚያክም ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይያዛል። አምፊዲኒየም የሚባለው ሌላው ዳይኖ ግን አሸዋው ውስጥ ስለሚቀር ዩቪ ብዙም አይነካውም። እኔ ዩቪውን በቀጥታ ከዋናው ገንዳ ስቦ ወደዚያው እንዲመልስ አድርጌ ገጠምኩት። የብረት ኦክሳይዱን አወጣሁ። እጄ እየፈራ ናይትሬትና ፎስፌት ጨመርኩ፤ ለወራት ሳባርረው የኖርኩትን ነገር በጠብታ ቆጥሬ! ፎስፌቱ ጠዋት ጨምሬው ማታ ዜሮ ይሆናል፤ ድንጋዩ መልሶ ይይዘዋል። በየቀኑ እየለካሁ ጨመርኩ። ዓሦቹን ደግሞ እንደ ልባቸው መገብኩ፤ ብሌኒው ከጉድጓዱ ወጣ። ለሦስት ቀን መብራት አጠፋሁ፤ በዚያ ጊዜ ንፍጡን ማታ ማታ በቱቦ እየሳብኩ አወጣሁት። ከአምስት ሳምንት በኋላ መስተዋቱ ላይ ስስ አረንጓዴ አቧራ አየሁ። በሌላ ጊዜ የምፍቀው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተራ አልጌ ተመልሷል ማለት ዳይኖው ቦታ እየለቀቀ ነው ማለት ነውና።

ፀጉራሙስ? በመጠኑ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ግን ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ፤ ጥፍር ሳያክል እነቅለዋለሁ። የባሕር ጃርትና ትሮከስ ቀንድ አውጣዎች አስገባሁ። እነሱ አጭሩን ይግጣሉ፤ ረጅሙን አይነኩም፤ ስለዚህ ማጨዱ የእኔ፣ መጋጡ የእነሱ ሥራ ሆነ። በሳምፑ (ከዋናው ገንዳ ጋር በተያያዘው ረዳት ገንዳ) ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለ ክር መሰል የባሕር አልጌ አኖርኩ። የሳምፑ መብራት የሚበራው ዋናው ገንዳ ሲጨልም ነው፤ አልጌው በሌሊት የሚወርደውን ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) በጥቂቱ ይደግፋል፣ ከድንጋዩ የሚለቀቀውን ፎስፌትም ይበላል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሹን አጭጄ አወጣለሁ፤ ከገንዳው የሚወጣው ፎስፌት ያ ነው። ብሪዮፕሲስ የሚባለው ላባ መሰል አልጌ ለያዘው ሰው ግን ይህ ሁሉ ላይሠራ ይችላል፤ እሱን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ነው።

ሬድፊልድ በሚባለው ምጣኔ፣ ማለትም 16 ናይትሮጅን ለ1 ፎስፈረስ በሚለው፣ ገንዳቸውን ሊያስተካክሉ የሚደክሙ አሉ። እኔም ደክሜበታለሁ። ምጣኔው የሚናገረው በውቅያኖስ ስለሚንሳፈፉ ረቂቅ ፍጥረታት አካል ነው፤ የቤት ገንዳ ግብ ሆኖ አልተሠራም። ለእኔ የሠራልኝ ሁለቱም ዜሮ አለመሆናቸው፣ ከሳምንት ሳምንትም አለመዋዠቃቸው ነው።

መለኪያዬንም ቀይሬያለሁ። የቀለም ጠብታው ትንሽ ፎስፌትን ከዜሮ ስለማይለይ አሁን የምጠቀመው በብርሃን የሚያነበውን ዲጂታል መሣሪያ ነው። የሚያነበው ፎስፈረስን ከቢሊዮን ክፍል ስንት እንደሆነ ስለሆነ ወደ ፎስፌት ሚሊግራም በሊትር ለመቀየር በ3.066 አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ያስፈልጋል። ባለፈው እሑድ 20 አነበበ፤ በሊትር 0.06 ሚሊግራም ፎስፌት ማለት ነው። ናይትሬት በሊትር 7 ሚሊግራም። በቀኝ በኩል ካለው ድንጋይ ጫፍ ላይ አንድ ቁንጮ ፀጉራም አልጌ አለ፤ ብሌኒው ጠዋት ጠዋት የሚግጠው እሱን ነውና አልነቅለውም።