የትንሿ ቮልስ መብራት
በአዲስ አበባ መንገዶች ለአሥርት ዓመታት ያገለገለችውን ቮልስ በ1/24 መጠን ስገጣጥም፣ እውነተኛዋ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ስላላት ሞዴሏ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነችና፣ በክብ የፊት መብራቶቿ ውስጥ የሚገባው ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) እጅግ ትንሽ መሆን ነበረበት። የመረጥኩት 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ ብርሃኑም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ምክንያቱም ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ብርሃን ለአሮጌ መኪና ፈጽሞ አይስማማም።

3 ቮልት ገደማ የሚወስድ ኤልኢዲ በ9 ቮልት ባትሪ፣ በ5 ሚሊ አምፒር እንዲሠራ 1200 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብ ዕቃ) ያስፈልገዋል፤ ያለ ሬዚስተር ያገናኘሁት የመጀመሪያው ወዲያውኑ ተቃጥሎብኛል። ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ግን ብርሃኑ በስሱ ፕላስቲክ አልፎ አካሏን በሙሉ እንዳያበራ መከላከሉ ሲሆን፣ ለዚህም የውስጡን ገጽ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያም ብርሃኑን መልሶ እንዲያንጸባርቅ በላዩ ብርማ ቀለም ቀባሁት።

ፍሬቻዎቹን ብርሃን በሚያሳልፍ ብርቱካናማ ቀለም ጨረስኳቸው። በእውነተኛ መኪና ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አንቴና በዚህ መጠን 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ወፍራም ፕላስቲክ ትቼ ከኤሌክትሪክ ገመድ የመዘዝኩትን አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ተከልኩላት። አሁን የቀረኝ የስፖኪዮዋ መስታወት ነው።