አሥራ ስምንት ሰው፣ አንድ ማሽን

ሥራ ሳጣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። ቤተሰብ ምንም አይልም። ግን ገበታ ሲቀርብ ቀና ብሎ መብላት ይከብዳል። «ሙያ ተማር» ሲሉኝ የስድስት ወር የብየዳ ሥልጠና ገባሁ።

ሠልጣኞቹ አሥራ ስምንት ነን፣ የሚሠራው ማሽን አንድ። ተራህ ሲደርስ አንድ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ታነድዳለህ፣ ከዚያ ወረፋ። አንድ ኤሌክትሮድ ደግሞ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። እንግዲህ አስሉት።

ደብተሬ ግን ሙሉ ነበር። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ማርኬን አግኝቻለሁ። ያንኑ 90 ስስ ላሜራ ላይ ስሞክረው ወንፊት አደረግኩት። ኤሌክትሮዱን ካስጠጋኸው ይጣበቃል፣ ካራቅከው ብረቱን ይተፋል። ርቀቱ የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል ይሁን ይላሉ። ጭንብል አጥልቀህ በምን ትለካዋለህ? በጆሮህ ነው። ሳይቆራረጥ እኩል እየተንጣጣ ከሄደ ልክ ነህ። ይሄን ደግሞ ደጋግመህ ካልሰማኸው አታውቀውም።

ምስክር ወረቀቴን ይዤ አንድ ወርክሾፕ ሄድኩ። ባለቤቱ አላነበበውም። ሁለት ቁራጭ አንግል ብረት ሰጠኝና «በይድ» አለኝ። በየድኩ። አንዴ በመዶሻ ሲመታው ለሁለት ተከፈለ።

«ይሄ ማጣበቅ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

በረዳትነት ያዘኝ። የበየዱትን ቅርፊት እያራገፍኩ፣ በግራይንደር እያለሰለስኩ አራት ወር ሠራሁ። አንድ ቀን የብየዳውን ብርሃን ያለ ጭንብል ሳይ ውዬ ሌሊቱን ዓይኔ አሸዋ የገባበት መስሎኝ አደርኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ግን ማሽኑ የኔ ነበር። በያጅ የሆንኩት ያኔ ነው።

ጀርመን ውስጥ ሠልጣኞች አብዛኛውን ሳምንት ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ እየተከፈላቸው ነው የሚማሩት። ክፍል የሚገቡት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብኝ፣ ስድስት ወር ሰሌዳ ሳይ ከረምኩ።

ባለፈው አንድ ልጅ ደውሎ ሥልጠና ሊመዘገብ መሆኑን ነገረኝ።

«ስንት ማሽን አላቸው?» አልኩት።

«አልጠየቅኩም።»

«ሳትከፍል ሂድና ቁጠር። የሚሠሩትን ብቻ።»