ሽጉጥ ታጥቄ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሄድኩ ቀን

እስረኛ ከደሴ አዲስ አበባ ማድረስ ለእኔ አዲስ ሥራ አልነበረም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን ጣርማበር ዋሻ ስንደርስ “ተመስገን፣ ደረስን” እንላለን። ሽጉጤ ወገቤ ላይ ናት። ማን ይጠይቀኛል?

እና አንድ ቀን “በአውሮፕላን ውሰዱ” ስንባል እንደወትሮው ታጥቄ ሄድኩ።

ተጠርጣሪው የባቲ ነጋዴ ናቸው። ጉዳያቸው የገንዘብ ነው። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው “ሳጅን” ይሉኛል። ሁለት አጃቢዎች ነን፤ መሣሪያ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ፈታሽ “መሣሪያ ይዘዋል?” አለችኝ።

“አዎ፣ ፖሊስ ነኝ” አልኳት። ትንሽ ኮራ ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

ደብዳቤያችንን አነበበች። “የታጠቁ አባላት ስለሆኑ ትብብር ይደረግላቸው” ይላል። የሽጉጡ ዓይነት የለም፣ ቁጥሩ የለም፣ የጥይቱ ብዛት የለም። እስረኛ እንደሚሳፈርም ለአየር መንገዱ አስቀድሞ የነገረ ሰው የለም። ደብዳቤውን አንብቤ የፈረምኩበት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ?

“ጓደኛዬ እንኳ ባዶ እጁን ነው፤ እስረኛ ይዤ ያለ መሣሪያ ልሂድ?” ብዬ ተቆጣሁ።

ልጅቷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። “እርስዎን አይደለም ሳጅን። የምንፈራው ከወገብዎ የሚነጥቅዎትን ነው።”

አውሮፕላኑ ሄደ። እኛ ሐረጎን መልሰን ወጣን። የተደሰቱት እስረኛው ብቻ ናቸው፤ ደሴ ላይ ልጃቸው ምሳ ታመጣላቸዋለች።

ማታ በአቪዬሽን ጥበቃ ላይ ለሠራ አንድ ወዳጄ ደወልኩ። “አብሽር፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው” ብሎ አስረዳኝ። መነሻው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 17 የሚባለው ሰነድ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ፖሊስ መሣሪያውን ይዞ ተሳፋሪ መሀል ሊቀመጥ የሚችለው በሚመለከታቸው አገሮች ሕግ መሠረት ልዩ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው። ያኔም ካፒቴኑ ስንት የታጠቀ ሰው እንዳለና የት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንዲያውቅ ይደረጋል። ልዩ ፈቃድ ከሌለ ግን መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሥልጣኑና ዕውቀቱ ያለው ሰው ያረጋግጣል፤ ከዚያ በበረራ ጊዜ ማንም በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ማንም ማለት እኔንም ይጨምራል።

አሜሪካኖቹ እንኳ፣ ለታጠቀ ፖሊስ በር ከፈቱ የሚባሉት፣ በቅድሚያ ሥልጠና ይጠይቃሉ። የታጠቀው ሰው ከበረራ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት መጠጥ አይቀምስም። ሽጉጡንም ከራስጌ ያለው የዕቃ ሣጥን ውስጥ አያስቀምጥም።

ወዳጄ ሁለት ነገር አስታወሰኝ። አንደኛው ኅዳር 29 ቀን 1965 ነው። ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሳ ቦይንግ 720 ሊጠልፉ ሞከሩ። አንዱ የእኛው የወሎ ልጅ ዋለልኝ መኮንን ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ሲቪል የለበሱ የታጠቁ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ተኩስ ተከፈተ፣ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። አውሮፕላኑ ተጎድቶ አዲስ አበባ መልሶ አረፈ። ደሴ ውስጥ ስለ ዋለልኝ ስንትና ስንት ክርክር ሰምቻለሁ። በዚያ ጠባብ ቦታ ተኩስ ምን እንደሚመስል ያሰብኩት ግን የዚያን ማታ ነው።

ሁለተኛው ኅዳር 14 ቀን 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው ቦይንግ 767 ነው። 175 ሰው ተሳፍሮ 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ ሽጉጥ አልነበራቸውም። የያዙት መጥረቢያ የአውሮፕላኑ የራሱ የእሳት አደጋ መጥረቢያ ነበር። ይሄን ስሰማ የልጅቷ ነገር ገባኝ። እጅ የሚደርስበት ነገር ሁሉ የባለቤቱ ሆኖ አይቀርም።

በሁለተኛው ጉዞ ደብዳቤው ሁሉን ይዟል። ማካሮቭ፣ ቁጥሩ ይሄ፣ 2 ካዝና፣ 16 ጥይት። የእስረኛው ስም፣ የአጃቢዎች ስም፣ የበረራው ቀን። አየር መንገዱም ቀድሞ ያውቃል። ሁለት ሰዓት ቀድመን ደረስን።

ሽጉጡን ተሳፋሪ በሌለበት ቦታ፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋ አድርጌ ፈታሁ። መጀመሪያ ካዝናውን አወጣሁ፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ የቀረች ጥይት ካለች እንድትወጣ አቀባበልኩ። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ብዙ ነው። ካዝናውን ሳያወጣ ካቀባበለ ሌላ ጥይት ያጎርስና “ባዶ ነው” ይላል። እኔ ይሄን ለወጣቶች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ፈታሿ ጥይቱን ቆጠረች። “15 ነው።”

“16 ነው።”

ደግማ ቆጠረች። 15። ላብ በላብ ሆንኩ። ከቢሮ ስወጣ ራሴ ቆጥሬ ነው የፈረምኩት። ቢጨንቀኝ ቀበቶዬን፣ ጫማዬን ሳይቀር ፈተሽኩ። መጨረሻ ላይ ጃኬቴ በኤክስሬይ አለፈ። ባለ ኤክስሬዩ ስክሪኑን ጠቆመ። ጥይቷ የውስጥ ኪሴ ውስጥ፣ ከመፋቂያዬ ጋር ተኝታለች። ጠዋት ቤቴ የጎረሰችውን አውጥቼ ለካ እዚያ ከትቻታለሁ! ደብዳቤው ላይ 16 የሚል ባይኖር ፍለጋ ባልተጀመረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለበረራ የምለብሰው ጃኬት ለሥራ የማለብሰው ነው።

ሽጉጡ ለብቻ፣ ጥይቱ ለብቻ ታሸገ። ደረሰኝ ተሰጠኝ። ወገቤ ቀለለኝ፤ ደስ የማይል ቅለት ነው።

ከሁሉ ቀድመን ተሳፈርን። ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር ነው ያለው። እስረኛው የመጨረሻው ረድፍ ላይ በመስኮት በኩል፣ እኔ ከጎናቸው፣ ጓደኛዬ ከመተላለፊያው ማዶ። ካቴናውን ከወንበሩ ጋር አናስርም። አውሮፕላኑ ችግር ቢገጥመው ሰውዬው እንዴት ይወጣሉ? ቁልፉ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ትርፉ ጓደኛዬ ጋ። ካቴናው ላይ የራሳቸውን ፎጣ ጣል አደረግንበት። ሰው እንዲያያቸው አልፈለግሁም።

አስተናጋጇ ውሃ በፕላስቲክ ብርጭቆ አመጣች። እሳቸው ቀና ብለው “ቡና የለም?” አሏት።

“ቢኖርም ትኩስ ነገር አልፈቅድም አባቴ” አልኳቸው። ፊት ላይ የተደፋ ትኩስ ቡናም መሣሪያ ነው። ለባቲ ሰው ቡና መከልከል ግን ከበደኝ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ “ቢስሚላህ” ብለው በታሰረ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ በፊት በርረው አያውቁም። ሽጉጤ ወገቤ ላይ ብትሆን ኖሮ ያን እጅ መንጭቄ ነበር የምገፋው። እስክናርፍ ድረስ አልለቀቁኝም።

ቦሌ ላይ ሁሉም ከወረደ በኋላ ወረድን። በደረሰኙ ሽጉጤን ተረከብኩ። እዚያው ማጉረስ የለም፤ መኪና ላይ እስክንወጣ ባዶ ናት። ጥይቱን ግን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። እስረኛው ከጎኔ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ይቆጥራሉ።

“16፤ ወላሂ ሞልቷል ሳጅን” አሉኝ።