ጦሳ አንድ ጡጫ ነው

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ አዲሷን ጨረቃ አየኋት። ትናንት ጥምቀት ነበር። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ምዕራቡን ደጋግሜ አይቼ ነበር፣ ምንም አልነበረም። ዛሬ ግን 12 ሰዓት ከ45 ላይ ከጦሳ ተራራ አናት ከፍ ብላ አገኘኋት። ቀጭን ናት። ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ተንጋላለች። ወደ ሰሜን ርቀው ያሉ አገሮች ላይ ጎኗን ሰጥታ ነው የምትታየው። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ተኝታ እናገኛታለን።

ጨለማው ጎኗም በደብዛዛው ይታይ ነበር። ያ ብርሃን ከእኛው ከምድር የሄደ ነው። የፀሐይ ብርሃን ምድር ላይ ያርፋል፣ ነጥሮ ጨረቃ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ አዲስ ጨረቃ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ጨለማ ጎን ነው።

ትናንት ለምን እንዳጣኋትም ገብቶኛል። ክንድን ዘርግተን ጡጫ ስንጨብጥ፣ ጡጫው ከሰማይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከኛ ግቢ ሆኜ ስለካው ጦሳ አንድ ጡጫ ነው። ሰማዩ ደግሞ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ጦሳ ከምዕራቡ ሰማያችን 40 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ትናንት ጨረቃዋ ገና ሙሉ ቀን እንኳ አልሞላትም። ፀሐይን ተከትላ ቶሎ የምትገባ ናት። እኛ ሰማዩ እስኪጠቁር ስንጠብቅ እሷ ከተራራው ጀርባ ሆናለች። በየቀኑ ግን 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ትጠልቃለች። ዛሬ ጦሳ ያልጋረዳት ለዚህ ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ መግሪብ ሰግደው በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ሐጂ፣ ጨረቃዋን አዩዋት?» አልኳቸው በአጥሩ በላይ።

«አየኋት እንጂ ልጄ። የሻዕባን ናት። ከሷ ቀጥላ የምትመጣው የረመዳን ናት።»

እኔ ስልኬን ከፍቼ ነው የማውቀው። እሳቸው ወሩን በልባቸው ይዘውታል።

ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ድቅድቅ አለ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የጥር ብርድ አጥንት ይገባል፣ ግን ሰማዩ በዓመት ውስጥ እንዲህ የሚጠራው ጥቂት ጊዜ ነው። ጨረቃዋ ቀድማ ገብታለች። ሐጂም ወጡ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ሰማይ አይተን አናውቅም።

መጀመሪያ የጠየቁኝ በአዝዋ ገደል በኩል ወጥቶ ከፍ ስላለው ትልቅ ብርሃን ነበር። ጁፒተር ነው አልኳቸው፣ ኮከብ ሳይሆን እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞር። በምን ለየኸው አሉ። አይንቀጠቀጥም አልኳቸው። ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አየሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ብርሃኑ ይርገበገባል። ጁፒተር ግን ቅርብ ስለሆነ በዓይን ባንለየውም ትንሽ ክብ ነው፣ ለዚህ ይረጋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ ያለውን አሳየኋቸው። እሱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ እያለ ይንቦገቦጋል። በሌሊት ሰማይ ካሉት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ ነው። «ሲሪየስ ይባላል» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩት። «ይቺማ ሺዕራ ናት» አሉ። «ቁርኣን ውስጥ ስሟ አለ፣ ሱረቱ ነጅም ላይ። ነጅም ማለትም ኮከብ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠው። አስተማሪው እኔ ነበርኩ፣ ተማሪ ሆንኩ። አናታችን ላይ ያለውን ቀላውን ኮከብ አልዴባራን አልኩት። ሳቅ አሉ። «ደበራን! የሚከተል ማለት ነው። ማንን ነው የሚከተለው?» ከፊቱ ያሉትን ሰባቱን ከዋክብት አሳየኋቸው፣ እነዚያን እንደ እፍኝ ጤፍ የተበተኑትን። «ሱረያ» አሉ። ለሴት ልጅ የሚወጣው ስም እሱ ነው። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ እግር ላይ ያለው ሪጅል ለካ ራሱ እግር ማለት ነው። ወደ ሐረጎ በኩል ዝቅ ብሎ የሚታየውን ካኖፐስን ሱሀይል አሉት። ከሲሪየስ ቀጥሎ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ነው። አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ አያየውም፣ ከአድማሱ በታች ነው የሚቀረው። እኛ ከግቢያችን እናየዋለን።

እነዚህን ስሞች ለሦስት ዓመት ከስልክ ላይ ሳነብ የፈረንጅ ስም ይመስሉኝ ነበር። ብዙዎቹ አረብኛ ናቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አጥሩ ማዶ ነበር፣ እኔ ስወለድም እዚያው ነበር። ጠይቄያቸው አላውቅም። ይህ ዛሬ ማታ በጣም ቆጨኝ።

«ያ ቀዩ ምን ያህል ይርቃል?» አሉኝ። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 65 ዓመት ይፈጅበታል አልኳቸው። አሁን የምናየው ያኔ የወጣውን ነው። የሺዕራ ግን 8 ዓመት ከግማሽ ገደማ ነው፣ የጨረቃ ደግሞ አንድ ሰከንድ ከምናምን። በጣታቸው ቆጠሩ። «65 ዓመት... ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቁርኣን ስቀራ። ደበራን የሚለውንም ከሸኻችን የሰማሁት ያኔ ነው።» ከዚያ ብዙ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። ስሙን የሰሙበት ዓመት ብርሃን ዛሬ ማታ ግቢያችን ደረሰ።

ሲገቡ አንድ ነገር አስታወሱኝ፦ «ይቺ ከተማ እኮ ስሟ የወጣው በኮከብ ነው።» ወሬውን ልጅ ሆኜም ሰምቼዋለሁ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አዩ፣ ደስ ቢላቸው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 መስከረም ላይ በጠራራ ፀሐይ በቀን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ነበር። ያኔ እዚህ ማን ቆሞ እንዳየው ሳስብ ጦሳን ቀና ብዬ አየሁት። እነሱም ይህንኑ ተራራ ነበር በምዕራብ በኩል ያዩት።

ቬነስን ዛሬ አላሳየኋቸውም። በዚህ ወር ከፀሐይ ጀርባ ስለሆነች አትታይም፣ ማርስም እንዲሁ። ቬነስ ስትመለስ አመሻሽ ላይ በጦሳ በኩል ነው የምትታየው። አጥቢያ ኮከብ የምንላትም እሷው መሆኗን ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ።

መብራቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ኮከቦቹም ግማሾቹ ጠፉ። ሐጂ ግን ከመግባታቸው በፊት ቀጠሮ ይዘውብኛል። የረመዳንን ጨረቃ ከግቢ መጠበቅ ለጦሳ 40 ደቂቃ መስጠት ነው አልኳቸው፣ አናቱ ላይ ቢወጡ ያ ደቂቃ ይመለሳል።

«ጉልበቴ አይወጣም» አሉ። «አንተ ውጣ። እኔ ስልኬን ይዤ በረንዳው ላይ እጠብቃለሁ። ስታያት ደውልልኝ።»