መልካም ገና፣ ውላቸው ገና ላልጸናላቸው

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ቅርጫት ኳስን ከእኛ ጋር የምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ቀን ከበዓልነቱ ሌላ ምን እንደሆነ እንድታውቁ እንወዳለን። ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ከባድ ቀን ነው። ዋስትና በሌለው ውል የውድድር ዘመኑን የጀመሩ ተጫዋቾች ጃንዋሪ 10 ላይ አሁንም በቡድናቸው ካሉ፣ የቀሪው ዘመን ደመወዛቸው ይጸናል። ቡድን ያሰናበተውን ተጫዋች ግን ሌላ ቡድን ይፈልገው እንደሆነ 48 ሰዓት ይጠበቃል። በዚህ ምክንያት ቁርጡ የሚታወቀው ጃንዋሪ 7 አመሻሽ ላይ ነው። እናንተ ከዘመድ ከወዳጅ ጋር በምትሆኑበት ሰዓት፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ልጅ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃል። ስልኩ ካልጠራ እስከ ኤፕሪል ሥራ አለው። ይህን መልእክት ስንጽፍ በልባችን ያለው እሱ ነው።

«ኤንቢኤ ገባ» ሲባል ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ቁጥሩን እንየው። በሊጉ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛ ውል 15፣ ቱ-ዌይ በሚባለው ውል ደግሞ 3 ተጫዋቾች መያዝ ይችላል። ቢደመር ቢደመር ለዓለም ሁሉ 540 ቦታ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት፣ 60 የሚጠጉ አዳዲስ ልጆችን ያመጣል፤ ለእነሱ ቦታ የሚለቅ ሰው መኖር አለበት።

በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ልጅ የ2 ዓመት ዋስትና አለው። 3ኛውና 4ኛው ዓመት በቡድኑ ፈቃድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው ነገር አለ፦ ቡድኑ ስለ 3ኛው ዓመት መወሰን ያለበት 2ኛው ዓመት ሲጀምር፣ እስከ ኦክቶበር 31 ነው። የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ባሳየው የአንድ ዓመት ጨዋታ ይመዘናል ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ደግሞ ይህ የተቀመጠለት ዋስትና እንኳ የለውም፤ በድርድር ያገኘውን ይፈርማል።

በ2017 (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተጀመረው ቱ-ዌይ ውል ከሁሉም ያስጨንቃል። ተጫዋቹ በአንድ ዘመን ከዋናው ቡድን ጋር ከ50 ጨዋታ በላይ መሰለፍ አይችልም፤ ቀሪውን ጊዜ የኤንቢኤ ማሳደጊያ በሆነው ሊግ፣ በጂ ሊግ ያሳልፋል። ደመወዙ የአንድ ጀማሪ ተጫዋች ዝቅተኛ ክፍያ ግማሽ ነው። ቡድኑ ለፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ ለዋንጫ ለሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ቢያልፍ፣ ውሉ ወደ መደበኛ ካልተቀየረለት በስተቀር መጫወት አይፈቀድለትም። ከጃንዋሪ 5 ጀምሮ ደግሞ የ10 ቀን ውል ይፈቀዳል። ውሉ 10 ቀን ወይም 3 ጨዋታ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል ይቆያል። አንድ ቡድን ለአንድ ተጫዋች በዘመኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ይህን ውል መስጠት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ያስፈርመዋል፣ ወይ ይሸኘዋል።

በ10 ቀን ውል የሚመጣ ልጅ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ያለውን ችሎታ በሙሉ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ማሳየት ይፈልጋል። አሰልጣኙ ግን የጠራው ሰው ስለጎደለው ነው። የሚፈልገው ቦታውን የሚያውቅ፣ ወደ ኋላ የሚሮጥ፣ ያለ ነገሩ ፋውል የማይሠራ ልጅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምሽት ሥራ ከሜዳ ውጭ ነው። ረዳት አሰልጣኙን የቡድኑን የማጥቃት ቅንብሮች ቪዲዮ መጠየቅ፣ ስማቸውንና የእጅ ምልክታቸውን ማጥናት፣ ከራሱ ቦታ ሌላ አጠገቡ ያለውንም ቦታ መያዝ አለበት። መከላከል ላይ ደግሞ ኳስ ለያዘው ተጋጣሚ ጓደኛው የተከላካዩን መንገድ ዘግቶ ከለላ ሲቆምለት የራሱ ቡድን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይኖርበታል፦ ረጅሙ ተከላካይ ወደ ቀለበቱ ያፈገፍጋል? ሰው ይለዋወጣሉ? ወይስ ወጥቶ ይዘጋል? ይህን ያልያዘ ልጅ አንዴ ሲሳሳት ወደ ወንበር ይመለሳል፣ ሁለተኛ ላይነሳም ይችላል።

የድራፍት ቁጥር ዕጣ ፈንታ አይደለም። ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነው። አንድ ዓመት ሰርቢያ ቆይቶ በ2015 ወደ ዴንቨር ሄደ፤ ከዚያ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 የሊጉ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ያኒስ አንቴቶኩንፖ በ2013 ከግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 15ኛ ሆኖ ሲመረጥ 18 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ አማካይ በጨዋታ 6.8 ነጥብ ብቻ ነበር። በ2019 እና በ2020 ኮከብ ሆነ፣ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ አነሳ። ሁለቱም ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። እኛን የሚያሳዝነን ጊዜ ሳያገኙ የሚቀሩት ናቸው።

ወደ ሜዳው እንግባ። እስከዚያ ድረስ ኳሱ ሁሉ በእጁ የነበረ ልጅ ወደ ትልቁ ሊግ ሲደርስ መጀመሪያ የሚነገረው «ጥጉ ላይ ቁም» የሚል ነው። ቅጣት ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። የኤንቢኤ የሦስት ነጥብ መስመር ፊት ለፊት 7.24 ሜትር ሲሆን ጥጉ ላይ 6.70 ሜትር ነው። ከግማሽ ሜትር በላይ እየቀረበ ያው ሦስት ነጥብ ነው። ጥጉ ላይ ቆሞ የማይስት ልጅ ተከላካዩን ከቀለበቱ ስር ይጎትታል፤ የቡድኑ ኮከብም መንገድ ያገኛል። ከጥጉ 40 በመቶ የሚያስገባና ሰው መጠበቅ የሚችል ወጣት ለዓመታት ሥራ አያጣም።

ውርወራውን በሂሳብ ማየት ይጠቅማል። የቀለበቱ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር፣ የኳሱ ውፍረት ወደ 24 ነው። ኳሱ በ45 ዲግሪ ሲወርድ ቀለበቱ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በ30 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን ክፍተቱ ወደ 22.5 ይጠብባል፤ ከኳሱ ያንሳል፣ ስለዚህ ብረት ሳይነካ ሊገባ አይችልም። እግር ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ቁልቁለት ነው። ወጣቱ በአራተኛው ሩብ ሲስት «እጄ ጠፋ» ይላል፤ እጁ ግን አልጠፋም፣ ጉልበቱ መታጠፍ አቁሟል። ኳሱ አጥሮ የፊቱን ብረት ከመታ እግሩን ተመልከቱ። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ከሄደ ክርኑን፣ አለዚያም የደጋፊ እጁን አውራ ጣት ተመልከቱ።

ልምምዱ ከቅርብ ይጀምራል። ከቀለበቱ 2 ሜትር ርቆ በአንድ እጅ 25 የገባ ውርወራ፤ የሚቆጠረው የተወረወረው ሳይሆን የገባው ነው። ከዚያ በመስመሩ ዙሪያ ከ5 ቦታ እያንዳንዱ 10 የገባ። በየቦታው መሃል ሜዳውን ወዲያና ወዲህ ሮጦ መመለስና ትንፋሽ ሳይሰበሰብ 2 የቅጣት ውርወራ መወርወር። አርፎ የሚገባ ውርወራ በጨዋታ ላይ ብዙም አይገኝም።

ከሌላ አገር ሊግ ለሚመጡት ደግሞ ደንቡ ራሱ ፈተና ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ደንብ ጨዋታው 40 ደቂቃ፣ ፋውሉ 5፤ በኤንቢኤ 48 ደቂቃና 6። ከሁሉ የሚያስቸግረው የመከላከል ሦስት ሰከንድ ነው። በፊባ ተከላካይ ከቀለበቱ ስር ያሻውን ያህል መቆም ይችላል። በኤንቢኤ ሰው በክንድ ርቀት ሳይጠብቅ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ተጋጣሚው አንድ የቅጣት ውርወራ ይወረውራል፣ ኳሱንም ይዞ ይቀጥላል። ወጣቱ ይህን ለመልመድ ገብቶ መውጣትን፣ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ እግሩን ማንሳትን መለማመድ አለበት።

ጉዳት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ተስፋ የሚቀረው እዚህ ነውና። የተለመደው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ልጁ ይዘላል፣ የሌላ ሰው እግር ላይ ያርፋል፣ እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የውጭው ጅማት ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። ትልቁ ስህተት ግን የሚመጣው በኋላ ነው፤ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ይመለሳል። ሕመም በቀናት ይጠፋል፤ ሚዛን ግን ቶሎ አይመለስም። በተጎዳው እግር ብቻ ዓይን ጨፍኖ 30 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያም በዚያው እግር ወደ ጎን እየዘለለ ሳይንገዳገድ ማረፍ ካልቻለ አልደረሰም። ስቴፈን ከሪን አስታውሱ። በ2011–12 ከ66 ጨዋታ የተሰለፈው በ26ቱ ብቻ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱም በቀዶ ጥገና ታከመ። ከዚያ እግሩን ብቻ ሳይሆን ዳሌውንና መቀመጫውን አጠነከረ። በ2015 እና በ2016 የሊጉ ኮከብ ነበር።

ሌላው ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሕመም ነው። በዓመት 35 ጨዋታ ገደማ የለመደ ልጅ በድንገት የኤንቢኤው 82 ጨዋታ ሲገጥመው ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ማረፍ አያድነውም፤ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። የሚረዳው የዝላዩን ብዛት ቀንሶ ጅማቱን ማሠራት ነው፦ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ ጉልበትን አጥፎ 45 ሰከንድ መቆየት፣ 2 ደቂቃ ማረፍ፣ ይህን 5 ጊዜ መደጋገም። ሕመሙ ሲሻል ክብደት ጨምሮ በዝግታ መውረድና መነሳት።

እንቅልፍን ማንም እንደ ልምምድ አይቆጥረውም። በ2011 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ለ5 እስከ 7 ሳምንት በቀን 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረገ። የቅጣት ውርወራቸው በ9 በመቶ፣ የሦስት ነጥባቸው በ9.2 በመቶ ተሻሻለ። ይህን ያህል የሚጨምር ሌላ ልምምድ አናውቅም። ከ82ቱ ጨዋታ 41ዱ ከቤት ውጭ ስለሆነና ሌሊት በአውሮፕላን ስለሚኬድ፣ የቀን እንቅልፍን በሰዓት የያዘ ልጅ ከጓደኞቹ ይቀድማል።

ስለ ገንዘብ አጭር ቃል። ዜና ላይ የሚነበበው ቁጥር እጅ ላይ አይደርስም። የፌዴራል ግብሩ ከፍተኛ እርከን 37 በመቶ ነው፤ የሚጫወቱባቸው ብዙዎቹ ግዛቶችም የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ከደመወዙ 10 በመቶ በአደራ ይያዛል፣ ወኪሉም እስከ 4 በመቶ ይቀበላል። ግማሹ ቢቀር ነው። ሒሳብ ያዡና ወኪሉ አንድ ሰው እንዳይሆኑ፣ የባንክ መግለጫው በየወሩ ለተጫዋቹ ራሱ እንዲደርሰው፣ ላልተጸና ዓመት ታስቦ ቤት እንዳይገዛ። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ከ1986 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጡት ሥልጠና ይህንን ሁሉ ያነሳል።

እናንተንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በ2024 በቱ-ዌይ ውል የነበረ አንድ ወጣት ስለ ጤንነቱ የውስጥ መረጃ በውርርድ ገንዘብ ለሚያስይዙ ሰዎች በመስጠቱና ሆን ብሎ ከጨዋታ በመውጣቱ ከሊጉ ለዘለዓለም ታገደ። ተጫዋች ወዳጅ ካላችሁ «ዛሬ ትጫወታለህ? ጉልበትህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጨዋታ በፊት አትጠይቁት። ለእናንተ ሰላምታ ነው፤ ለእሱ ግን መልሱ ሥራውን ሊያሳጣው የሚችል መረጃ ነው።

ስለ ጭንቀትም እንዲሁ ቀስ በሉ። በ2018 የሊጉ ተጫዋቾች ደማር ደሮዛንና ኬቨን ላቭ ስለ ድብርታቸውና ስለ ድንገተኛ ፍርሃታቸው በአደባባይ ተናገሩ። ከ2019–20 ጀምሮም እያንዳንዱ ቡድን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖረው ሊጉ አዘዘ። ከመሸነፍ በኋላ ለ20 ዓመት ልጅ የምትጽፉትን አስተያየት ልጁ ራሱ፣ በዚያው ሌሊት፣ ብቻውን ያነበዋል።

ዛሬ ማታ ስልኩ የሚጠራባቸውም ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱን የምታውቁ ከሆነ «ለምን አሰናበቱህ?» አትበሉት። 48 ሰዓቱ እስኪያልፍ ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል፤ ካልወሰደውም የጂ ሊግ በር ክፍት ነው፣ የ10 ቀን ውሉም ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ «ነገ ጠዋት የት ነው የምትለማመደው?» ነው። አዳራሽ ካጣ ፈልጉለት፣ ኳስ የሚያቀብለው ካጣ አቀብሉት።

መልካም በዓል ለሁላችሁ።