ከላሌሊ እስከ ጮጬ

ኢስታንቡል የሄድኩት እህቴ ጅማ መርካቶ ላለው ሱቋ ልብስ ልታመጣ ስትነሳ አብሬያት ነው። ያረፍነው ላሌሊ፣ የነጋዴው ሰፈር። ሌሊቱን ሙሉ ከመስኮታችን ሥር ካርቶን በፕላስተር ሲጠቀለል ያድራል፤ ጩኸቱ ዓይኔን አላስከደነኝም። ጠዋት በሆቴሉ ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ሰላም ብል ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ጅማ ውስጥ አንድ ሱቅ ደርሶ መመለስ የሚያስረፍደኝ ሰላምታው ነውና ከፋኝ።

ከሌላው የገበያ ሰፈር፣ ከኤሚኖኑ፣ ላሌሊ በትራም ቅርብ ነው። ዕቃ ከብዶን ታክሲ ብንይዝ፣ ሹፌሩ አንዱን መስጊድ ሁለቴ አዙሮን የትራሙን ብዙ እጥፍ ተቀበለን። በማግስቱ ግን ካርዴ ሒሳብ አልቆበት ትራሙ በር ላይ ስቆም፣ ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ የራሳቸውን አስነክተው አሳለፉኝ። ገንዘብ ብዘረጋላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ኤሚኖኑ፣ ግብፅ ገበያ ከሚባለው አጠገብ፣ ከ1871 ጀምሮ ቡና ፈጭቶ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። እዚያው ሰፈር ካፌ ገብቼ አንድ ስኒ ጠጣሁ። ወፍራም፣ አተላው ከሥር የተኛ፣ በእውነት ጥሩ ቡና ነው። ዋጋው ግን ከጅማ አጋሮ አድርሶ ይመልሳል። ከየት እንደመጣ ብጠይቅ አስተናጋጁ «ብራዚል» አለኝ፤ ቱርክ የምታስገባው በአብዛኛው ከዚያ ነው። ጅማን ስሟንም አልሰማም። ከታክሲው ይልቅ ይኼ አንገበገበኝ።

በለቀማው ወራት ጮጬ ወጣሁ፤ ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ። የቡና መገኛ እኛ ነን ይላሉ፤ ከፋዎችም እኛ ነን ይላሉ። ሁለቱም የአገሬ ጫካ ነው።

አንዲት እናት ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በመዳፋቸው ያገላብጣሉ፤ ቀዩ መሐል የገባችውን አረንጓዴ ፍሬ በሁለት ጣት ለቅመው ይጥላሉ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ግባ ልጄ» አሉኝ። ከነገለባው በቅቤ የተቆላ ቡና በእጄ አፈሱልኝ፤ ከዚያ አቦሉ በጨው መጣ፣ እስከ በረካው ተቀመጥኩ። ብር ባወጣ «ወላሂ አልነካም!» ብለው ተቆጡ።

የኢስታንቡሉን የአንድ ስኒ ዋጋ በብር ስነግራቸው ልጃቸውን ከጓሮ ጠሩት። «ለእሱም ድገምለት» አሉኝ። ደገምኩለት። ልጁ እሸቱን በኪሎ ለስንት እንዳስረከበ ነገረኝና የእህቴን ስልክ ጠየቀኝ። ተነጋግረዋል፤ በሚቀጥለው ጉዞዋ የጮጬን ቡና ናሙና ይዛ ትሄዳለች።