ሌሊቱን ደመና ካደረ አትውጡ

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር በረዶ የለበሰ ተራራ በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ልንወጣ ነበር። ዝግጅቱ ላይ ችግር አልነበረም። የበረዶ ናዳ ከቀበረን መፈላለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና ረጅም ዘንግ ይዘናል፤ አጠቃቀሙንም ተለማምደናል። የናዳ ማስጠንቀቂያውንም አንብቤያለሁ። አደጋው ጠዋት ከ5 ደረጃዎች 2ኛው፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ 3ኛው ይላል። እንግዲያው እስከ 6 ሰዓት ጊዜ አለን አልኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው።

ብርዱ ለቆ ፀሐይ ሲበረታ በረዶውን የሚያጠነክረው የሌሊት ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ቀን የቀለጠው ሙቀቱን ለቆ መልሶ ይጠጥራል። ደመና ካለ ግን ሙቀቱ ታፍኖ ያድራል። ያን ሌሊት ወጥቼ ሰማዩን አይቻለሁ፤ አንድ ኮከብ አልነበረም። አይቼ ተመልሼ ተኛሁ።

3 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ በሚያይ ተዳፋት ስንወጣ በረዶው ይሸከመኝ እንደሆነ ለማየት ስኪዬን አውልቄ ቆምኩ። ላዩ ጠንካራ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ግን ሁለት ጣት አይሞላም። ተሰበረና እስከ ቅልጥሜ ሰመጥኩ። ከሥሩ ያለው እንደ ረጠበ ስኳር ነበር። ጓደኛዬ «እንመለስ» አለኝ። «ገና 3 ሰዓት ነው እኮ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ትንንሽ የበረዶ ድብልብሎች እየተንከባለሉ መጡ። እነሱንም አይቼ መውጣቴን ቀጠልኩ፣ እስካሁን ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚያ ናዳው መጣ። እኔን ስቶኝ እሱን እስከ ወገቡ ቀበረው። እርጥብ በረዶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው፤ እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ቆፍሬ እስካወጣው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጭንቅላቱ ውጭ ባይሆን ኖሮ አልደርስለትም ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው 15 ደቂቃ ካለፈው የመትረፍ ዕድሉ በጣም ያሽቆለቁላል።

ማስጠንቀቂያውን በሚያወጡት ሰዎች ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እናደዳለሁ። «ከሰዓት በኋላ» ብሎ መጻፍ ምን ይጠቅማል? ምሥራቁን ፀሐይ በማለዳ ነው የምታገኘው፣ ምዕራቡን ዘግይታ። ደግሞ በረዶው ሌሊቱን ካልጠጠረ ጠዋት የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ «ከቀትር በፊት ውረዱ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም። ሌሊቱን ደመና ካደረ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይም ከሥሩም አልሄድም። ከጠራም ደጋግሜ ስኪዬን አውልቄ እቆማለሁ። ቦቴ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሰመጠ፣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን፣ እመለሳለሁ። ጓደኛዬ «እንመለስ» ካለም ለምን ብዬ አልጠይቀውም።